አባወራ አይቀመጥም

ብሬስቶቫ መንደር፣ ሰርቢያ
2 ኖቬምበር 1986

ውድ ወንድሜ ቲሆሚር፣

ይህ ደብዳቤ አንተን፣ ባለቤትህን ሚሌናንና ትንሿን ያጎዳን በሙሉ ጤና ያግኛችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማማ እግሯን ከሚያማት በቀር ደህና ናት፤ ላማችንም በሰላም ወልዳለች። በሩ ላይ ያስተከልካቸው ሁለቱ የሲሚንቶ አንበሶችም ሰላም ብለውሃል። የግራው አፍንጫው በበረዶ ረግፎ አሁን ጉንፋን የያዘው ድመት መስሏል።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የቤታችን ጠባቂ የኅዳር ጊዮርጊስ በዓል ደርሷል። አባባ ካረፈ ወዲህ ይህ ሦስተኛው በዓላችን ነው፤ የቤታችንን ሻማ የሚያበራ ወንድ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። እማማ «እኔ የያዝኩት በአደራ ነው፣ ልጄ መጥቶ ይረከበኝ» እንዳለች ነው። ለበዓላችን ሰው እንደማይጠራ ታውቃለህ። አንድ ጊዜ የመጣ ሁሉ በየዓመቱ ሳይጠራ ይመጣል፤ በሩን ተዘግቶ ቢያገኘው ውርደቱ ለሙታኖቻችንም ይተርፋል። ስለዚህ እማማ አንተ በዓሉን እስክትረከባት ድረስ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም። እኔ ደግሞ እሷን ጥዬ ንቅንቅ ማለት አልችልም።

አምና ለእግሯ ፍልውሃ ስወስዳት ሳቫ የሚባል የኪኪንዳ ከተማ ሰው እንደተዋወቅን ጽፌልህ ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች፤ የስኳር ፋብሪካ መኪና ይነዳል። አግቢኝ ብሎኛል። «እናትሽም ትምጣ፣ ምድጃው አጠገብ ያለውን ክፍል ለሷ አጸዳለሁ» ብሏል። እኔ አርባ ሦስት ዓመት ሞላኝ፣ ወንድምዓለም። ከእሱ በኋላ የሚጠይቀኝ ወንድ ቢኖር ፖስተኛው ነው፤ እሱም የሚጠይቀኝ ፊርማ ነው።

ገንዘብ አልጠይቅህም፣ ቸኮሌትም አልፈልግም። ዘንድሮ ብቻ ና። ሻማውን በእጅህ አብራና ከእማማ ተረከባት። ከዚያ ወዲያ በዓሉን እዚያው ሊንዝ ታደርገዋለህ፤ እኛም እንሄዳለን።

ስምህን እየጠራች የምትውለው እናትህ ትስምሃለች።

እህትህ ራዶይካ


ሊንዝ፣ ኦስትሪያ
24 ኖቬምበር 1986

ለውድ እህቴ ለራዶይካ፣

ጤናሽ እንዴት ነው እታለም? የእናታችን እግርስ? ሚሌናና ያጎዳ የእማማን እጅ ይስማሉ። እኛ በጣም ደህና ነን፤ አምላክ ይመስገን የጎደለብን ነገር የለም።

ለጊዮርጊስ አለመምጣቴ ምን ያህል እንዳንገበገበኝ አትጠይቂኝ። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት አለቃዬ «አንተ ከሌለህ ምድጃው ይጠፋል» ብሎ እጄን ይዞ ለመነኝ። እዚህ አገር ብረት ማቅለጫ አንዴ ከቀዘቀዘ እንደገና ማሞቁ ጣጣ ነው። የሚመጣው ዓመት ግን ያለቀለት ጉዳይ ነው። ያውም ሚሌናንና ያጎዳን ይዤ በራሴ መኪና እመጣለሁ።

አሥራ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ የዋልነት ጠረጴዛ ገዝተናል። በዓሉን ስረከብ ዳቦውን መሀሉ ላይ አስቀምጬ እንግዶቹን ዙሪያውን ሳስቀምጣቸው አሁኑኑ ይታየኛል። ለእማማ ንገሪያት፣ ደስ ይላታል።

በአውቶቡስ ሹፌሩ በቫሳ እጅ ቸኮሌትና እዚያ ለማሠራው ፎቅ የሚሆን የኤሌክትሪክ ገመድ ልኬልሻለሁ፤ ቅዳሜ ይደርሳል። ሲመለስ ካልከበደሽ ትንሽ በጭስ የደረቀ ሥጋና አንድ ሁለት ብልቃጥ የቀይ ቃሪያ ድልህ ስጪው። የፋብሪካ ጓደኞቼ የሰርብ ምግብ ሲባል ይሞቱለታል።

ስለዚያ ስለ ኪኪንዳው ሰው አትቸኩይ። ሰው በፍልውሃ አይታወቅም።

ወንድምሽ ቲሆሚር


ብሬስቶቫ
8 ዲሴምበር 1986

ወንድሜ ቲሆሚር፣

ሰላምና ጤና ከቤትህ አይጥፋ። ሥጋውንና ድልሁን ለቫሳ ሰጥቼዋለሁ። ገመዱ ደርሶኛል፤ ማንም የማይተኛበት ፎቅ ውስጥ የሚበራ መብራት ለማን እንደሆነ ባላውቅም አመሰግናለሁ።

ስለ በዓሉ አልጠየቅኸኝም። ሳትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።

ዳቦውን ጋገርኩ፣ የስንዴ ንፍሮውን በስኳርና በዋልነት አሸሁ፣ ከአሳማው ጋር ስታገል አነጋሁ። ጠዋት አባ ራዶቫን መጥተው ጸሎት አደረሱ። ከዚያ እማማ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ በሩ አጠገብ ቆመች። አባወራ በበዓሉ ቀን እንግዳ ፊት እንደማይቀመጥ ታውቃለህ። አባባ ከንጋት እስከ ምሽት ቆሞ አረቄ ሲቀዳ ትዝ ይልሃል፤ እሱ ግን ጤነኛ ነበር። እሷ አንድ እጇን ምድጃው ላይ ተደግፋ፣ በሌላው የስንዴውን ሳህን ይዛ እንግዳ ስትቀበል ዋለች። ከሰዓት በኋላ ቁርጭምጭሚቷ ከጫማዋ አፍ ላይ ሞልቶ ፈሰሰ።

«እማማ በቃሽ፣ እኔ ልቁምልሽ» አልኳት ጓዳ ውስጥ።

«አንቺ?»

«ምን አለበት? ዳቦውን የጋገርኩት እኔ፣ አሳማውን ያሳደግኩት እኔ...»

«ሴት ልጅ ለአባቷ ቤት እንግዳ ናት» አለችኝ። «እንግዳ ደግሞ ይቀመጣል። ሂጂ ተቀመጪ።»

በክፋት አይደለም የተናገረችው፤ እንዳልደክም አዝናልኝ ነው። ግን እሷ ስትወጣ እዚያው ጓዳ ቀርቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሃያ ዓመት ያጠብኩት ወለል ላይ እንግዳ ነኝ። ብሄድ ቤቱን አፈረስሽ እባላለሁ፣ ብቀመጥ እንግዳ ነኝ። ይህ እንዴት ያለ ወጥመድ ነው ቲሆሚር?

የክርስትና አባትህ ልጅ ስቶያን ደግሞ ስካር ሲጀማምረው «አባወራው የት አለ? በር ላይ ያሉት አንበሶች በሉት እንዴ?» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። እማማም ሳቀች። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ግን እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ስነክርላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ምድጃው እንዳይቀዘቅዝ እግዚአብሔር ይጠብቅልህ።

እህትህ ራዶይካ


ሊንዝ
19 ማርች 1987

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ፤ መልስ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። በሰላም አላችሁ? ሁላችንም ደህና ነን፣ ሁሉም ሰላም ብሏችኋል።

የጻፍሽው ልቤን ነካው። ግን እኔ እዚህ የምለፋው ለማን መሰለሽ? ፎቁ ለናንተ አይደለም? እማማ ለምን ከታች ባለው ክፍል ትሰቃያለች፣ ወደ ላይ ውጡ። አዎ፣ ግድግዳው አልተለሰነም፤ በጋ ላይ ሰው እልካለሁ። ሰው ባልልክ እንኳ በሚቀጥለው በጋ ይለሰናል።

ስቶያንን በለው፦ አንበሶቹ የሚበሉት ሰካራም ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቫሳ ሲመለስ ባቄላ ስጪው፣ ከሆነልሽም ዱቄትና ሽንኩርት። እዚህ ያለው ባቄላ ጣዕም የለውም። ድልሁ አልቋል። ሥጋ ካለም ጥሩ ነው።

ሳቫን እኔ ሳላየው ቃል እንዳትሰጪው።

ወንድምሽ ቲሆሚር


ብሬስቶቫ
21 ጁን 1987

ወንድሜ፣

አምላክ ያሰብከውን ያሳካልህ። ባቄላውን፣ ዱቄቱን፣ ሽንኩርቱን፣ የቀረውንም ሥጋ ልኬያለሁ። ቫሳ ሽንኩርቱን ሲጭን «ኦስትሪያ ሽንኩርት ጠፋ እንዴ?» አለኝ። ወንድሜ የአገሩን ይመርጣል አልኩት። ድሮ ከአንተ ዘንድ ሳጥን ይመጣ ነበር፤ ዘንድሮ ሳጥኑ የሚሄደው ከኛ ነው። ምነው ብዬ አልጠይቅህም። ሚሌናና ያጎዳ የእማማን እጅ ይስሙ የነበረው ደግሞ «ሁሉም ሰላም ብሏል» ሆኗል። እሱንም አልጠይቅህም።

ሳቫ መጥቶ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ፣ እቅፉ ላይ ሐብሐብ ይዞ። እማማ እጁን ከላይ እስከ ታች አየችና «ሠራተኛ እጅ ነው» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው። ከምሳ በኋላ ፊት ለፊት ጠየቃት።

«እትዬ ስታኒያ፣ ልጅዎን ይስጡኝ፤ እርስዎም ይምጡ። ሜዳ አገር ነው፣ ደረጃ የለብዎትም።»

«መጣሁ ልጄ» አለችው። «ይሄን በዓል ለጌታው ላስረክብና በማግስቱ።»

«ጌታው መቼ ይመጣል?»

እማማ በመስኮት ወደ መንገዱ አየች። እኔም አየሁ። ሳቫም ቢቸግረው አየ።

ሊሄድ ሲል ሚስማር ተክሎ የግራውን አንበሳ አፍንጫ በሲሚንቶ ጠገነልህ። ያላየኸው ሰው ቤትህን ጠግኖልሃል እንግዲህ። አውቶቡሱ ጋ ስሸኘው ግን «ራዶይካ፣ እስከ ገና እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ የምጠብቀው አንቺን ሳይሆን ወንድምሽን ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ላገባው አልፈልግም» አለኝ። ሳቅሁ። ማታ አልሳቅሁም።

ስለዚህ የመጨረሻ ልመናዬ ነው። በዚህ ኖቬምበር ና። በባቡርም፣ በእግርም ቢሆን። መኪና ይዘህ ካልመጣህ ማንም አይከስህም።

ራዶይካ


ሊንዝ
11 ኦክቶበር 1987

እህቴ ራዶይካ፣

እንደምን ናችሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ዘንድሮም የምችል አይመስለኝም። ምክንያቱን በደብዳቤ መጻፍ ያስቸግራል። እባክሽ አትቀየሚኝ፤ ሳቫንም ትንሽ ታገሠን በይው።

የአባባ ወፍራሙ የሱፍ ካፖርት ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ? ብል ካልበላው ለቫሳ ስጪልኝ። እዚህ ለጓሮ ሥራ የሚሆን አሮጌ ልብስ ያስፈልገኛል።

የእማማን እጅ ሳሚልኝ።

ቲሆሚር


ብሬስቶቫ
17 ኖቬምበር 1987

ወንድምዓለም፣

በዓሉ ትላንት አለፈ። ይህን የምጽፍልህ ቫሳ ነገ በጠዋት ስለሚነሳ ነው፤ እሽጉን እንደተቀበልክ፣ ሳትፈታው አንብበው።

ስለ ካፖርቱ የጻፍከውን ለእማማ ሳነብላት ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እንደገና አንብቢው» አለችኝ።

አነበብኩት።

«አሥራ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ያለው ሰው» አለች፣ «የሞተ ሰው ካፖርት አይለምንም። ልጄ በርዶታል።»

«እማማ፣ ለጓሮ ነው ይላል እኮ።»

«የምን ጓሮ? ጓሮ ያለው ሰው ሽንኩርት ከኛ ያስልካል?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። አባባ የሞተ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ተናድጄብህ ሽንኩርቱን ስመዝን ይህን አላየሁም። ማየት አልፈለግሁም መሰለኝ፤ አንተ ከተቸገርክ እኔን የሚፈታኝ የለም ብዬ ነው።

ሰኞ ጠዋት አባ ራዶቫን ሲመጡ እማማ በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀቻቸው። ጉልበቷ ግን ዘንድሮ አልቻለም። ቄሱና አባወራው ዳቦውን አብረው ይዘው የሚያዞሩበት ሰዓት ላይ ምድጃውን ይዛ ወደ ታች ስትሄድ ያዝኳት። አባ ራዶቫን ዳቦውን ባንድ እጃቸው እንደያዙ «ማን ይያዝ?» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እማማ አየ። ስቶያን ራሱ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

እማማ ከተቀመጠችበት «ራዶይካ ትያዝ» አለች።

ያዝኩት። አዞርነው፣ ወይኑን አፈሰስንበት፣ ቆረስነው፣ ሳምነው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ቆምኩ። እንግዳው ሁሉ ሲገባ ማንን እንኳን አደረሰህ እንደሚል ግራ ገብቶት ኮፍያውን ያሽከረክር ነበር። ማታ እግሬን ሳወልቅ... ጫማዬን ማለቴ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሆነውብኝ ነበር። እማማን ያኔ ገባኝ።

አባ ራዶቫን ሊወጡ ሲሉ እማማ አስቆመቻቸው።

«አባ፣ ወንድ ልጅ ከአባቱ ቤት ሲወጣ አባቱ የዳቦውን ሩብ ያሸክመዋል አይደል? በራሱ ጎጆ በዓሉን እንዲጀምር።»

«ያሸክመዋል፣ ስታኒያ።»

«አባቱ ሳያሸክመው ሞተ። እኔ ብልክለትስ? በአውቶቡስ?»

አባ ራዶቫን ጢማቸውን አሻሹ። «በአውቶቡስ ሲላክ አላየሁም። ግን አይሆንም የሚል የት አለ?»

«ቀኑ ያልፍበታል።»

«እንግዲህ ቅዱስ ጊዮርጊስ አንድ ጊዜ አውቶቡስ ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ፈረሱን ያሳርፍ» አሉና ባረኩት።

እሽጉን ስትፈታ የአባባን ካፖርት ታገኛለህ። ብል የበላውን ብብቱን ጠቅሜዋለሁ። ውስጡ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለው የዳቦው ሩብ ነው። ሻማው ግማሹ የነደደው ያው የበዓሉ ሻማ ነው፤ የቀረው ግማሽ ያንተ ነው። ጠረጴዛ ከሌለህ መስኮት ላይ አድርገው። ቤት ከሌለህም የቆምክበት ይበቃል። ይህን የምልህ እኔ አይደለሁም፤ እማማ ናት።

አሁን የሆነውን ስማኝ። እማማ ሻንጣዋን አልጋው ላይ አውጥታለች። ጥቁር ቀሚሷን፣ የአባባን ፎቶ፣ ሁለት ማንኪያ አስገብታለች። ክዳኑን ግን አልዘጋችውም። «ሻማውን ካበራ በዓሉ አባወራ አገኘ ማለት ነው፤ ያኔ ይሄ በር ቢዘጋ አላፍርም» ትላለች። «ግን ጠይቂልኝ። ቆሞ ነው የዋለው ወይስ ተቀምጦ? ተቀምጦ ከሆነ ልጅ ነው፣ ገና አልተረከበም፤ እጠብቀዋለሁ።»

የገና ዕለት ሩቅ አይደለም፣ ሳቫም ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። እኔ ሻንጣው አጠገብ ተቀምጬ መልስህን እጠብቃለሁ። እውነቱን ጻፍልን፣ ወንድሜ። እውነት ምንም ቢሆን ከዚያ ጠረጴዛ ይሻለናል።

የምትወድህ እህትህ ራዶይካ


ሊንዝ
22 ኖቬምበር 1987

እታለም፣

አንቺንም እማማንም ያሰነበተልኝ አምላክ ይክበር ይመስገን። እሽጉን ትላንት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከቫሳ እጅ ተቀበልኩ። ካፖርቱን እዚያው ለበስኩት። የአባባ ትምባሆ ሽታ አንገትጌው ላይ እስካሁን አለ።

እውነቱን ጻፍ ስላልሽ ልጻፈው፤ ሁለት ጊዜ መጻፍ ግን አልችልም። ምድጃው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። መጀመሪያ የተባረርነው የውጭ አገር ሰዎች ነን። ሚሌና ያጎዳን ይዛ እህቷ ዘንድ ስዊዘርላንድ ሄደች፤ አልፈርድባትም። ጠረጴዛውም ከቤቱ ጋር ሄደ። አሁን የምኖረው የሠራተኞች ማደሪያ ውስጥ ነው፤ የቀን ሠራተኛ የሚፈልግ ሲገኝ እቃ አወርዳለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ ስላለቀ ድንበሩን ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። እዚያ ብመጣ ደግሞ በእነዚያ አንበሶች መሀል ባዶ እጄን እንዴት እንደምገባ አላውቅም። ከዚህ መውጫው አይታየኝም። እኔ እዚህ ታስሬ አንቺን እዚያ አስሬ ነበር፤ ይቅር በይኝ።

አሁን ለእማማ የምታነቢላት ይህንን ነው።

ማታ ወይን ገዛሁ። ሻማውን በስኳር በሞላሁት ብርጭቆ ውስጥ ተከልኩት፤ ዳቦውን መስኮቱ ላይ አደረግሁ። አማትቤ አበራሁ። ጸሎቱ ግማሹ ጠፍቶብኛል፤ ግማሹን አባባ ያጉረመርም እንደነበረው አጉረመረምኩት። ማንንም አልጠራሁም። ኢብራሂም የሚባል አብሮኝ የሚያድር ቱርክ ከሥራ ገባና ሻማውን አይቶ ቦርሳውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«የሞተ የለም። የአባቴ ቤት በዓል ነው።»

«አባትህ የት ነው?»

«አሁን እኔ ነኝ» አልኩት።

ምን ብዬ እንደመለስኩለት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ ግን ምንም ሳይጠይቅ እጁን ታጠበ፣ ፀጉሩን አበጠረ፣ እንደ እንግዳ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «ግባ» አልኩት። ከዳቦው ቆርሼ ሰጠሁት፣ ካንቺ ባቄላም ሠርቼ ነበር። ወይኑን አልነካም። ሽታው ስቧቸው ነው መሰል ከጎን ክፍል ሁለት ሰዎች መጡ፤ እነሱም አልጋው ላይ ተቀመጡ። ሻማው እስኪያልቅ ቀዳሁላቸው፣ ደግሜ ቀዳሁላቸው። ኢብራሂም ሊተኛ ሲል «የሚቀጥለው ዓመትም እመጣለሁ» አለ። ይኸው፣ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ አለኝ።

ቆሞ ነው ተቀምጦ ብላ ከጠየቀችሽ፣ ቆሜ ነው በያት። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ እሱንም ለእንግዳዬ ሰጠሁት።

ሻንጣዋን ዝጊላት።

ወንድምሽ ቲሆሚር